የማረከው ጠላት ያወቀውን ስም ከእናት ለምን እንደብቃለን? (የምላሽ ጽሑፍ)

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ደርሶኝ ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው በጦር ግንባር የጠፉና የተማረኩ ወታደሮችን የሚመለከቱ የመንግሥት መዛግብት ለሕዝብ ይከፈቱ የሚለውን ጥያቄ አጥብቀው ይቃወማሉ። ምክንያቶቻቸው ባጭሩ እነዚህ ናቸው፦ መዝገቡ የጦር ምስጢር ነው፤ የጄኔቫ ስምምነት ራሱ ምርኮኛን ለሕዝብ ዓይን ማጋለጥን ይከለክላል፤ ቤተሰብ በግል ቀርቦ መጠየቅ ስለሚችል ለሁሉም የተከፈተ መዝገብ አያስፈልግም፤ ከዚያ ሁሉ ጦርነት የተረፈ የተሟላ ሰነድም የለም፤ ቢኖር እንኳ መክፈቱ የደረቀ ቁስል መነካካት ነው። የአሜሪካንን ምሳሌ የሚጠቅሱትን ደግሞ «የሀብታም አገር ቅንጦት» ብለው ይመልሷቸውና ጊዜው ገና ነው በማለት ይጨርሳሉ።

ጸሐፊው የቀድሞ ወታደር መሆናቸውን ገልጸዋል። ለአገልግሎታቸው ያለኝ አክብሮት የጸና ነው፤ ሐሳባቸውም ከክፋት የመነጨ አይመስለኝም። እኔ ደግሞ ጎንደር ውስጥ በፍርድ ቤት ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግቼ ማመልከቻ በመጻፍ የምተዳደር ሰው ነኝ። የመሬት ክርክር፣ ፍቺ፣ ውርስ፣ ሁሉም በእጄ ያልፋል። እንደ ጠፋ ወታደር ጉዳይ እጄን የሚያስረው ግን የለም፤ ምክንያቱም የማመልከቻውን ግማሽ የምሞላበት መረጃ በአመልካቿ እጅ አይገኝም፤ ያለው በመንግሥት መዝገብ ቤት ነው። ዝም ማለት ያልቻልኩትም ለዚህ ነው።

የጦር ምስጢር ነው ከሚለው ልጀምር። ምስጢሩ የሚጠበቀው ከማን ነው? ወታደሩን የያዘው ጠላት ነው። ስሙን፣ ማዕረጉን፣ የተወለደበትን ቀንና የመለያ ቁጥሩን የተናገረው ለጠላት ነው፤ እንዲናገርም እ.ኤ.አ. የ1949 ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት በአንቀጽ 17 ያዝዘዋል። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት በመስከረም 1962 አጽድቃለች። የማረከው ወገን የምርኮኛውን ዝርዝር ለዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ የፍለጋ ማዕከል ማስተላለፍ አለበት፤ ማዕከሉም ምርኮኛው ለሚያገለግለው መንግሥት ይልካል። ሥርዓቱ በአግባቡ ከሠራ ማራኪው ያውቃል፣ ጄኔቫ ያውቃል፣ መንግሥት ያውቃል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ የማታውቀው የወለደችው እናት ብቻ ናት። ጠላት አስቀድሞ የጻፈውን ስም ከእርሷ መደበቅ የትኛውን ምሽግ እንደሚጠብቅ ጸሐፊው ቢያስረዱን ጥሩ ነበር።

የራሳችን መንግሥትም ቢሆን ይህን ጉዳይ ሁልጊዜ በምስጢር አልያዘውም። በግንቦት 1990 መጨረሻ የአየር ኃይሉ አብራሪ ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ አስመራ ላይ አውሮፕላናቸው ተመትቶ ተማረኩ። ቀደም ሲል በደርግ ዘመን በሻዕቢያ እጅ ወድቀው ምርኮን ቀምሰው የተመለሱ ሰው ነበሩ፤ በሁለተኛው ግን የውሃ ሽታ ሆነው ቀሩ። ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት የተቋጨበት የአልጀርሱ ስምምነት ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ተፈርሞ የምርኮኛ ልውውጥ ከተጀመረ በኋላ ኢትዮጵያ የኚህ አብራሪና በ1990 ተማርከዋል ብላ ያመነችባቸው እስከ 36 የሚደርሱ ሚሊሻዎችና ፖሊሶች መድረሻ ይነገረኝ ብላ ልውውጡን ለጊዜው አቆመች። ጉዳዩ ዘ ሔግ በተሰየመው የኤርትራና የኢትዮጵያ የካሣ ኮሚሽን ፊት ቀረበ። ኮሚሽኑ ሰኔ 24 ቀን 1995 በሰጠው ውሳኔ ይህን ሁሉ በጽሑፍ አስፍሮታል። በዚያው ዕለት ኤርትራን ለኢትዮጵያውያን ምርኮኞች አያያዝ፣ ቀይ መስቀል እስከ ነሐሴ 1992 ድረስ እንዳይጎበኛቸው መከልከሏን ጨምሮ፣ ተጠያቂ አድርጓታል። ኢትዮጵያንም የመጨረሻዎቹን ኤርትራውያን ምርኮኞች መልቀቅ ስላዘገየች ተጠያቂ አድርጓታል።

ልብ በሉ፤ መንግሥታችን ስለ ጠፉ ሰዎቹ ለባላጋራው ተናግሯል፣ ለውጭ ዳኞች ተናግሯል፣ የተናገረውም ታትሞ ማንም የሚያነበው ሰነድ ሆኗል። ኢትዮጵያውያኑ የታሰሩባቸው ካምፖች ስም ሳይቀር አለበት፤ ባረንቱ፣ እምባካላ፣ ድግድግታ፣ አፍአበት፣ ናቅፋ። ይህ በመታወቁ የፈረሰ ግንባር የለም። ለባዕድ ዳኛ የተነገረ ነገር ለወላጅ ሲሆን ምስጢር የሚሆንበት ምክንያት ሊኖር አይገባም።

ጦርነት እየተካሄደ ሳለ የክፍሎች አሰላለፍ፣ የሬዲዮ ኮድ፣ የሰው ኃይል ቁጥር ሊደበቅ ይገባል ከሚለው ጋር ጠብ የለኝም። የጠየቅነው ግን ሌላ ነው። በኤርትራ ግንባር የነበረው የናደው እዝ መጋቢት 1980 አፍአበት ላይ ፈረሰ፤ ያ ሠራዊት በሙሉ በ1983 ተበተነ። የፈረሰ እዝ አሰላለፍ ዛሬ ለማን ምስጢር ነው? የመረጃ ነፃነት አዋጁ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 590/2000፣ መከላከያንና ደኅንነትን የሚመለከት መረጃ እንዲጠበቅ ፈቅዷል። ፈቃዱ ግን መገለጡ ጉዳት የሚያደርስ መረጃን ለመጠበቅ እንጂ «መከላከያ» የሚል ቃል የተጻፈበትን ዶሴ ሁሉ ለዘላለም ለመቆለፍ የተሰጠ አይደለም። ጥያቄ የቀረበለት የመንግሥት አካልም በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት፣ ከከለከለም ምክንያቱን መግለጽ አለበት። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዝዛል። የጸሐፊው ክርክር እነዚህን ሕጎች አንዴም አለመጥቀሱ ያሳዝናል።

ወደ ጄኔቫው ስምምነት እንለፍ። ከጽሑፉ ነጥቦች ሁሉ ጠንካራ መስሎ የሚታየው ይህ ነው። አንቀጽ 13 ምርኮኛን ከስድብና ከሕዝብ ዓይን መጋለጥ እንዲጠበቅ ማዘዙ እውነት ነው። የሚያዝዘው ግን ማራኪውን ነው። ሰኔ 25 ቀን 2013 በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ወታደሮች በመቀሌ ጎዳና በሕዝብ መካከል ሲነዱ ዓለም በቴሌቪዥን አይቷል። አንቀጽ 13 የተጻፈው ያን ዓይነቱን ነገር ለመከልከል ነው። ልጇን በዚያ ሰልፍ ውስጥ በዓይኗ ስትፈልግ ለነበረች እናት የገዛ መንግሥቷ ስሙን እንዳይነግራት የሚከለክል ሐረግ በስምምነቱ ውስጥ የለም።

ያለው ተቃራኒው ነው። አንቀጽ 70 ምርኮኛው ካምፕ በገባ ቢበዛ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለቤተሰቡና ለፍለጋ ማዕከሉ የመማረኩን ዜና፣ አድራሻውንና የጤናውን ሁኔታ የሚገልጽ ካርድ እንዲጽፍ ይፈቅድለታል። አንቀጽ 122 ተዋጊ ወገኖች ሁሉ የመረጃ ቢሮ እንዲያቋቁሙ ያዝዛል፤ ዓላማውንም ሲገልጽ የቅርብ ቤተሰብ በፍጥነት እንዲያውቅ ይላል። ኢትዮጵያ በ1986 የተቀበለችው የመጀመሪያው ተጨማሪ ፕሮቶኮል ደግሞ በአንቀጽ 32 ቤተሰብ የዘመዱን መድረሻ የማወቅ መብት እንዳለው በግልጽ ያስቀምጣል። ጸሐፊው ከስምምነቱ አንድ አንቀጽ መዝዘው ሌሎቹን ትተዋል።

እርሳቸው በዚሁ ሥር ያነሡትን የስም ጉዳይ ግን በቀላሉ አላልፈውም። ተማርኮ የተመለሰ ሰው በአገራችን «ለምን አልሞትክም» በሚል ዓይን የታየበት ጊዜ ነበረ። መዝገቡ ቢከፈት ያ ሐሜት ይቀሰቀሳል የሚለው ስጋታቸው ከወታደር ልብ የመጣ ነው። መፍትሔው ግን መዝገቡን ለይቶ መክፈት ነው። በምርኮ ውስጥ የተሰጠ ቃል፣ የሕክምና ታሪክ፣ ባልደረባን የሚመለከት ክስና ጥርጣሬ የባለቤቱ ወይም የቤተሰቡ ፈቃድ ሳይገኝ መውጣት የለበትም። ስም፣ ማዕረግ፣ ክፍል፣ የጠፋበት ቦታና ቀን፣ የመጨረሻው የታወቀ ሁኔታ ግን ማንንም አያዋርድም። ሐሜትም ቢሆን የሚራባው ሰነድ በሌለበት ነው። ክፍሉ ተከቦ ጥይት ጨርሶ መያዙ በመዝገብ ላይ ሰፍሮ ቢነበብ ኖሮ ስንት ሰው ከመንደር ወሬ በዳነ።

አሁን ዋናው ላይ ደረስን። «ቤተሰብ በግል ቀርቦ መጠየቅ ይችላል» ይላሉ ጸሐፊው። ይህን ዓረፍተ ነገር ሳነብ ብዙ ፊት በዓይኔ ላይ ሄደ።

አዘዞ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት ማመልከቻ ሊያጽፉ መጡ። ወረቀታቸው በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ፌስታሉ ደግሞ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሮ ነበር። ሲፈቱት ልጁ የደንብ ልብስ ለብሶ ፎቶ ቤት የተነሣው ጉርድ ፎቶግራፍ ወጣ። ቀጥሎ «እንደምን ሰነበታችሁ፤ እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ፣ ከዚያ ተቆራጭ የተቀበሉበት ደረሰኝ፣ መጨረሻ ላይ የቀበሌ መሸኛ። ደብዳቤው በእጥፋቱ ላይ ተበጥሶ በፕላስተር ተያይዟል፤ ፕላስተሩም ቢጫ ሆኗል። ልጁ በ1991 ወደ ግንባር ሄደ። ተቆራጩ ጥቂት ወራት መጣና ቆመ። ለምን እንደቆመ የነገራቸው ሰው የለም።

«እማማ፣ የጡረታውን ነገር እንጻፍ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ የገንዘቡን አይደለም የምልህ። እርሜን ላውጣ ወይስ ልጠብቅ? እሱን ብቻ ይንገሩኝ።»

እኚህ እናት በግል ጠይቀዋል። ጸሐፊው የሚመክሩትን ሁሉ አድርገዋል። ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ተመርተዋል፤ አንዱ የክፍሉን ደብዳቤ አምጡ ሲላቸው፣ ሌላው ክፍሉ በሌላ ስም ተደራጅቷል ብሏቸዋል፤ ሌላው ደግሞ አዲስ አበባ ሂዱ ብሎ ሸኝቷቸዋል። ከጎንደር አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደጅ የጠናው ሁሉ የተነገረው በቃል ነበር። በፌስታሉ ውስጥ አንድም የእምቢታ ወረቀት የለም፤ ይግባኝ የሚባልበት ወረቀት የለም ማለት ነው። በግል መጠየቅ የሚባለው ይህን ይመስላል።

ይህ አለማወቅ በሕግ ፊት ምን እንደሚያስከትልም ጸሐፊው አላነሡትም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 154 ሁለት ዓመት ወሬው ያልተሰማ ሰው መጥፋቱ በፍርድ ቤት እንዲወሰን ማመልከት ይፈቅዳል። ያ ውሳኔ ሲገኝ ሚስቱ በሕግ ነፃ ትሆናለች፤ ልጆቹ ንብረቱን ይረከባሉ። ፍርድ ቤቱ ግን ማስረጃ ይፈልጋል፦ የት ነበረ? መቼ ጠፋ? ማን መጨረሻ አየው? መልሱ ያለው በዚያው በተዘጋው መዝገብ ውስጥ ነው። መዝገቡ ስላልተከፈተ የመሬት ይዞታ ደብተሩ በጠፋው ሰው ስም ይቆያል፤ ሚስቲቱ ባለ ባል ሳትሆን፣ መበለትም ሳትሆን ዕድሜዋ ያልፋል። ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ፍትሐት ላስደርግ ብትል ሞቱን በምን አውቃ? ተዝካር ላውጣ ብትል በየትኛው ቀን ቆጥራ? ከሞቱት በላይ ካሉት በታች ሆኖ መኖር የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ባዶውን ቦታ የሚሞሉትም አሉ። ልጅሽ ሱዳን ታይቷል፣ ኬንያ እስር ቤት አለ፣ ለመልእክተኛ ይህን ያህል ክፈዪ የሚል ደላላ አይጠፋም። አዋቂ ቤት ሄዳ ያላትን በግ የሸጠች አለች። ጸሐፊው መዝገቡ ቢከፈት አታላዮች ይጠቀሙበታል ብለው ይሰጋሉ። አታላዮቹ ግን ዛሬ በሥራ ላይ ናቸው፤ የሚሠሩትም ቤተሰቡ ወሬያቸውን የሚያጣራበት ሰነድ ስለሌለው ነው።

«ለቤተሰብ ይነገር፣ ለሕዝብ ግን ለምን?» ለሚለው አንድ መልስ አለኝ፤ ጽሑፉን ያነበብኩ ጊዜ መጀመሪያ የመጣልኝም እርሱ ነው። ስለ ጠፋው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያውቁት ቤተሰቡ ያልሆኑ ሰዎች ናቸው። አብሮት የተሰለፈው ጓድ፣ ቁስሉን ያሰረለት የሕክምና ረዳት፣ በምርኮ አንድ ጣሪያ ሥር ያደረ፣ አስከሬኑን የቀበረ የአካባቢ ገበሬ። እነዚህ ሰዎች ዛሬ በጎንደር ይኖራሉ፤ በወሎ፣ በሐረር፣ በወለጋም ይኖራሉ። የጓዳቸውን ስም እንጂ የእናቱን ቀበሌ አያውቁም። ለቤተሰብ ብቻ በተሰጠ ወረቀት ላይ ዓይናቸው አያርፍም። በተለጠፈ፣ በታተመ፣ ማንም በሚያገኘው ዝርዝር ላይ ግን ስሙን አይተው «ይህን ሰው አውቀዋለሁ፤ የወደቀበትን ጉብታ አሳያችኋለሁ» የሚሉት እነርሱ ናቸው። የተከፈተ መዝገብ ያለውን ከመናገር አልፎ የጎደለውን ይሰበስባል። ይህን ሥራ የትኛውም ቢሮ ብቻውን ሊሠራው አይችልም።

መዝገብ የለም ስለሚለው ብዙ አልልም፤ ምክንያቱም አለ። ሠራዊቱ በ1983 ሲበተን የቀድሞ ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞች መቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቁሞ ከ450 ሺህ በላይ የቀድሞ ወታደሮችን መዝግቧል። ይህ የተመለሱት ዝርዝር ነው። ወታደር ደመወዝ የሚቀበለው ፈርሞ ነውና የደመወዝ መዝገብም ነበረ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ በአንደኛው ኖሮ በሌላው የሌለ ስም የፍለጋው መነሻ ይሆናል። በኦጋዴኑ ጦርነት በሶማሊያ ተይዘው የነበሩት ከሦስት ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን በነሐሴ 1980 የተመለሱት በቀይ መስቀል በኩል በስም ተመዝግበው ነው። ከአልጀርሱ ስምምነት በኋላ በቀይ መስቀል አማካይነት ከኤርትራ የተመለሱት 1,067 የጦር ምርኮኞችም ቁጥራቸው እስከ አሃዱ የታወቀው ስለተመዘገቡ ነው። መዝገብ የሌለው መንግሥት ዘ ሔግ ሄዶ ስለ ምርኮኞቹ ክስ አቅርቦ ሊረታ አይችልም ነበር።

ይልቅ የሚያስፈራው መዝገቡ ተዘግቶ መጥፋቱ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1973 በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ የወታደሮች የግል ማኅደር የተከማቸበት ሕንፃ ተቃጥሎ ከ16 ሚሊዮን የማያንስ ዶሴ ጠፋ። ቅጂ አልነበረውም። ያ በሀብታም አገር የሆነ ነው። እኛ ዘንድ ምስጥ አለ፣ ዝናብ አለ፣ ከክፍል ወደ ክፍል ሲዛወር በጋሪ የሚጫን ዶሴ አለ። ያልተገለበጠና ማንም ያላየው ወረቀት ሲጠፋ መጥፋቱን እንኳ የሚያውቅ አይኖርም።

«የደረቀ ቁስል አትነካኩ» የሚለውን ምክር ጸሐፊው በቅንነት እንደሰጡት አምናለሁ። ግን ቁስሉ መድረቁን ማን ነገራቸው? የአየር ኃይል አብራሪው ለገሠ ተፈራ በሶማሊያ ምርኮ 11 ዓመት ቆይተው ነው የተመለሱት። እንዲህ ያለ መመለስ በታየበት አገር ቁርጡ ያልተነገራት እናት ተስፋ ትቆርጣለች ብሎ ማሰብ የማይሆን ነው። ሞትን መንገር ከባድ ነው። ሕዝባችን ግን መርዶ የሚነገርበት ሥርዓት አለው፤ ማለዳ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ደጋፊ በግራ በቀኝ ቆሞ ነው የሚነገረው። መርዶን እንዴት እንደምንሸከም እናውቃለን። እንዳንሸከመው ያደረገን የሚነግረን አለመኖሩ ነው።

ጎረቤቶቻችንን እንይ። የኤርትራ መንግሥት በብዙ ነገር የሚወቀስ ነው፤ ቢሆንም በድንበሩ ጦርነት የሞቱበት ወታደሮች 19 ሺህ መሆናቸውን አስታውቆ ለየቤተሰቡ አረዳ። ኢትዮጵያ ስለዚያው ጦርነት በይፋ ያወጣችው የተጠናቀቀ አኃዝ እስከ ዛሬ የለም። በትግራይም በቅርቡ ጦርነት ለወደቁት ታጣቂዎች በጥቅምት 2016 ይፋዊ ሐዘን ታውጆ ቤተሰቦች መርዶ ተቀብለዋል። በዚያ ጦርነት ማን ምን አደረገ የሚለው ሌላ ክርክር ነው። እኔ የማነሣው አንድ ነገር ነው፦ የተዋጉት ሁሉ ወላጆች ነበሯቸው፤ ከወላጆቹ ከፊሉ ተነግሯቸዋል፣ ከፊሉ ግን አሁንም ሬዲዮ ከፍተው ይጠብቃሉ። በግንቦት 2014 የትግራይ አመራሮች 4,208 የጦር ምርኮኞች ለቀናል ሲሉ ቁጥሩ በዓለም ተሰማ። ወላጅ ግን የሚጠብቀው የልጁን ስም ነበር።

የሀብታም አገር ቅንጦት ወደተባለው ስንመጣ፣ የአሜሪካው ታሪክ ጸሐፊው እንደሚያስቡት አይደለም። መዛግብቱን ያስከፈተው የመንግሥት ቸርነት ሳይሆን የቤተሰቦች ጩኸት ነው። በቬትናም ጦርነት የጠፉ ወታደሮች ሚስቶችና ወላጆች ተደራጅተው ለዓመታት ከተከራከሩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1991 ሕግ ወጣ። ሕጉ ስለ ጠፉትና ስለ ተማረኩት የተሰበሰበው መረጃ ቤተ መጻሕፍት በመሰለ ለሕዝብ ክፍት ቦታ እንዲቀመጥና ማንም እንዲያየው አዘዘ። የምርኮኛውን አያያዝና ሁኔታ የሚገልጸው ክፍል ግን የቅርብ ቤተሰብ ፈቃድ እንዲያስፈልገው አደረገ። ጸሐፊው የሚጨነቁለትን ክብር የጠበቀ ሕግ ማለት ይህ ነው፤ ከፍቶም ጠብቆም። ይህን አንቀጽ መጻፍ ገንዘብ አይጠይቅም።

ደግሞ ለምን አሜሪካ ድረስ እንሄዳለን? ከጎንደር በስተ ደቡብ ምሥራቅ ቁልቋል በር አለ። ኅዳር 12 ቀን 1934 የጣሊያን ጦር በዚያ በር ላይ ተሸነፈ፤ በሳምንቱ ጎንደር ነፃ ወጣች። ካራቢኔሪ የሚባሉት የጣሊያን ጦር ፖሊሶች በዚያ የወደቁባቸውን በየዓመቱ በዚያው ዕለት ያስባሉ። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር የጦርነት ሙታኑን ስም በኢንተርኔት ከፍቶታል። የወራሪ ልጅ ልጅ ሮም ተቀምጦ አያቱ የት እንደወደቀ ይፈልጋል። በዚሁ ምድር ለአገሩ የዘመተው ወታደር እናት ግን የልጇን ስም የምትፈልግበት ቦታ የላትም። ይህ እንደ ጎንደሬ እጅግ ያመኛል። ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ አንድም ምርኮኛ ሳይተው ተመለሰ ብለን በኩራት እንናገራለን። ይህን መናገር የቻልነውም እያንዳንዱ ሰው በስሙ ስለተቆጠረ ነው።

ጊዜው ገና ነው ለሚለው የምመልሰው የዕድሜ ጉዳይ ነው። በ1970 ኦጋዴን የጠፉት ወታደሮች እናቶች አብዛኞቹ አልፈዋል። አፍአበት የጠፋ የሃያ ዓመት ወጣት እናት ዛሬ በሕይወት ካሉ ወደ ሰማንያና ዘጠና ዓመት ተጠግተዋል። አጽም ተገኝቶ የማን እንደሆነ በዘረመል ምርመራ ሲለይ አብዛኛውን ጊዜ የሚረዳው የእናት ወይም የእናት ወገን ናሙና ነው፤ እናት ስታልፍ ማስረጃውም አብሮ እየሳሳ ይሄዳል። ከምርኮ የተመለሱትና ጓዶቻቸውን የሚያስታውሱት ወታደሮችም እያረጁ ነው። ስለዚህ ከሩቁ እንጀምር፤ የኦጋዴኑና የሰሜኑ ጦርነት እስከ 1983 ያለው መዝገብ ለማንም ይከፈት፤ የ1990ው ጦርነት ዝርዝር በስም፣ በክፍልና በጠፉበት ቦታ ይታተም፤ የቅርቡ ጦርነት ደግሞ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ በጽሑፍ፣ በማኅተምና በፊርማ ይነገር። ጸሐፊው በእርስዎ ክፍል ውስጥ የጠፉ ጓዶች ካሉ ስማቸውን ያውቃሉና እርስዎም ይጻፉልን። እዚህ ጎንደር የሚያነበው ቤተሰብ አለ።